ሉአው ለምትሄዱ፦ ጉድጓዱ፣ ገበታውና መድረኩ

ሃዋይን የሚጎበኝ ሰው አንድ ምሽቱን ለሉአው፣ ምግብና ጭፈራ ላለበት የሃዋይ ግብዣ፣ መስጠቱ የተለመደ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወይም ከሲያትል ተነስቶ አምስት ስድስት ሰዓት በርሮ የደረሰ ቤተሰብ ለአንድ አዋቂ 150 ዶላር፣ አንዳንድ ቦታም ከ200 በላይ ከፍሎ ባሕር ዳር ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጭፈራ ያያል። ዋጋው የሚናቅ አይደለም። ይሄን ከፍሎም ብዙው እንግዳ ሁለት ነገር ያመልጠዋል። ዘግይቶ ስለሚደርስ አሳማው የሚበስልበት የመሬት ውስጥ ምድጃ ሲከፈት አያይም። መድረኩ ላይ የሚያየውን ደግሞ በጅምላ «የሃዋይ ጭፈራ» ብሎ ያልፈዋል፤ የታሂቲዎችን፣ የሳሞአዎችንና የማኦሪዎችን ጥበብ ለሃዋይ ሰጥቶ፣ የሃዋይን የራሱን ጭፈራ፣ ሁላን፣ ግን ሳያስተውለው ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል፤ ትንሽ አስቀድሞ ማወቅ ምሽቱን ጨርሶ ይለውጠዋልና።

ሰዓት ስጠቅስ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመታቱ ግን በፈረንጆች ናቸው።

አንድ ነገር ስለ አመጣጡ። በድሮው የሃዋይ ሥርዓት ወንድና ሴት አንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር። ካፑ የሚባለው ሕግ ሴቶችን ከአሳማ ሥጋ፣ ከኮኮናት፣ ከአብዛኛው የሙዝ ዓይነትና ከአንዳንድ ዓሣ ይከለክል ነበር፤ የጣሰች ሴት ሞት ሊፈረድባት ይችል ነበር። በ1819 ንጉሡ ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሲሞት ልጁ ሊሆሊሆ ነገሠ። በዚያው ዓመት፣ በእናቱ በኬኦፑኦላኒና በአባቱ ሚስት በካአሁማኑ ግፊት፣ ሰው ሁሉ እያየው ከሴቶች ጋር ተቀምጦ በላ። በዚያ ማዕድ የካፑ ሕግ ፈረሰ። ዛሬ አባትና እናት፣ ወንድምና እህት አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚበሉበት ሉአው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጉድጓዱ

ኢሙ መሬት ተቆፍሮ የሚሠራ ምድጃ ነው። ሥጋውን የሚያበስለው እሳቱ አይደለም፤ የጋለው ድንጋይና ከእርጥብ ቅጠሉ የሚወጣው እንፋሎት ነው። እሳቱ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣው ሥጋው ከመግባቱ በፊት ነው።

ተጠርጎ 60 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን አሳማ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ጥልቀቱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ወደ መሐል እንዲሰበሰብ። አዲስ ጉድጓድ የመሬቱ እርጥበት ሙቀት ስለሚሻማው በመጀመሪያው ቀን ብዙ እንጨት ይበላል። ደጋግሞ የተነደደበት ጉድጓድ ግን ደርቆ ስለሚቆይ ቶሎ ይግላል።

ድንጋዩ ላይ ቀልድ የለም። የሚመረጠው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከወንዝ የተለቀመ ድፍንና ለስላሳ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ይዞ ይቆይና ሲግል እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይፈነዳል፤ ስንጥሩ ዓይን ያጠፋል። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ እንፋሎቱን ያስተነፍሳል። ከጉድጓዱ ወለል አንድ ረድፍ በደንብ የሚሸፍን፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ ለአሳማው ሆድ የሚሆኑ ጡጫ የሚያህሉ ስምንት አሥር ድንጋዮች ያስፈልጋሉ።

እንጨቱ ኪያዌ ነው። ኪያዌ በ1828 ሆኖሉሉ ውስጥ መጀመሪያ የተተከለ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እሾሃማ ዛፍ ሲሆን አፋርን ከወረረው ፕሮሶፒስ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የሃዋይንም ደረቅ ቆላ ወርሮታል። ፍሙ ግን ኃይለኛና ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ ለኢሙ እሱን የሚያህል የለም። ጭራሮው ከታች፣ ወፍራሙ እንጨት ከላይ ይደረደራል፤ ድንጋዩ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይከመራል። እንጨቱ ሲነድ ድንጋዩ እየጋለ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ድንጋዩ በቀን ብርሃን ነጣ ብሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ቀልቶ ከታየ ደርሷል።

እዚህ ላይ ችኩል ሰው ይሳሳታል። ሳይነድ የቀረ ጉማጅ ካለ በረጅም እንጨት ተለቅሞ መውጣት አለበት። እዚያው ከተቀበረ አየር አጥቶ ሲጨስ ያድርና ሥጋውን ያመርረዋል። ጉማጁ ከወጣ በኋላ ድንጋዩ በአካፋ ይደለደላል፤ ላዩ ላይ በቁመቱ ተሰንጥቆ የተቀጠቀጠ የሙዝ ግንድ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል። የሙዝ ግንድ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ የምድጃው እንፋሎት የሚመጣው ከሱ ነው። ከሳሳ የሥጋው ሥር ያርራል። ውሃ በባልዲ ማፍሰስ ደግሞ ድንጋዩን ያቀዘቅዘዋልና አይተካውም። ከግንዱ በላይ የሙዝ ቅጠልና የቲ ቅጠል ይነጠፋል። ቲ ሰፋፊና አንጸባራቂ ቅጠል ያለው ተክል ነው፤ ለሥጋውም ረጋ ያለ የሣር መዓዛ ይሰጠዋል።

አሳማው ውስጡም ውጭውም ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በሚደርስ ሻካራ የባሕር ጨው ይታሻል። ሌላ ቅመም የለውም። የትከሻውና የጭኑ መጋጠሚያ በቢላ ይከፈትና ጨው ይገባበታል፤ በሆዱ ውስጥና በትከሻው ሥር የጋሉት ትናንሽ ድንጋዮች ይከተታሉ። ሥጋው በስሎ ሲበታተን አንስቶ ለማውጣት እንዲቻል ቀድሞ በሽቦ መረብ ይጠቀለላል። ከዚያ ቅጠል፣ ከቅጠሉ በላይ በውሃ የተነከረ ጆንያ፣ ከጆንያው በላይ ሸራ፣ በመጨረሻም ጫፍና ጫፉ ላይ አፈር። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ሰው ዙሪያውን እየዞረ ማየት አለበት። እንፋሎት ክር መስሎ የሚወጣበት ቦታ ካለ አፈር ይጨመርበታል። በዚያች ቀዳዳ የሚያመልጠው ሙቀት በኋላ አይተካም።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ለሚከፈት ኢሙ እሳቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይለኮሳል፣ አሳማው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። አሥር ሰዓት መሆኑ ነው። ትንሽ አሳማ በስድስት ሰባት ሰዓት ይበስላል፤ ይሁንና ከመፍጠን መዘግየቱ ይሻላል፤ ጉድጓዱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በልክ የነደደ ኢሙ ሥጋ አያቃጥልም። ድንጋዩ በቂ ካልጋለ ግን ላዩ በስሎ ትከሻውና ጭኑ አጥንት አጠገብ ደም መስሎ ይወጣል። ተመልሶ ቢቀበር ዋጋ የለውም፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ኦቨን ውስጥ መጨረስ ነው ያለበት።

ሲከፈት ዓይናችሁን ከሰዎቹ እጅ አትንቀሉ። መጀመሪያ አፈሩን በጥንቃቄ ይጠርጋሉ። ሸራውንና ጆንያውን ከመሐል ወደ ውጭ እያጠፉ ያነሳሉ፤ በግድየለሽነት ከተገለበጠ አፈሩ ሥጋው ላይ ይራገፋል። ቅጠሉ ሲነሳ እንፋሎቱ ቦግ ብሎ ይወጣል፤ ከፊት ከቆማችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። በደንብ የበሰለ አሳማ የትከሻ አጥንቱ በሁለት ጣት ሲጎተት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ሥጋ አይከተለውም። ሥጋው በእጅ ይተለተልና በራሱ ጭማቂና በትንሽ ጨው ይለወሳል። ካሉአ የሚባለው አበሳሰል ይሄ ነው።

ሒሳቡንም ማወቅ ይጠቅማል። ከ60 ኪሎ አሳማ አጥንቱ፣ ቆዳው፣ ስቡና በሙቀቱ የሚወጣው ውሃ ሲቀነስ የሚቀረው የሚበላ ሥጋ 22 ወይም 23 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ ሰው 150 ግራም ቢደርስ ለ150 ሰው ይሆናል። በመቶዎች የሚቆጠር እንግዳ በሚያስተናግድ ትልቅ ሉአው ላይ ታዲያ ቀሪው ሥጋ ከኩሽና ኦቨን መምጣቱ አይቀርም። በዚህ አትቀየሙ። ቦታ ስትመርጡ ግን «ኢሙ አላችሁ ወይ? በስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማያሳዩ ቦታዎችም አሉና።

ገበታው

ከኛ ሰው አብዛኛው አሳማ አይበላም፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም። ይሄ ሉአውን አያስቀርም፤ ግን የት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሉአ ግልጽ ነው። የሚደበቀው ላውላው ውስጥ ነው፦ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ ሦስት አራት ሰዓት በእንፋሎት የሚበስል የአሳማ ሥጋና ጨው የነካው ዓሣ ነው፤ ከውጭ ሲታይ አረንጓዴ ጥቅልል ብቻ ነው። የዶሮ ላውላውም አለ፤ ስለዚህ ጠይቁ። ኢሙ ውስጥ ከአሳማው ጎን የበሰለ ስኳር ድንች ወይም የዳቦ ፍሬ ካለ ስቡ ይነካዋል። ዶሮው ሐላል መሆኑ ብዙ ጊዜ አይጠበቅም፤ ዓሣው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሂ ማሂ፣ ሁልጊዜም ማለት ይቻላል አለ። ይሄን ሁሉ ትኬት ስትቆርጡ ተናገሩ፤ ቡፌው ፊት ቆሞ መጠየቅ አስተናጋጁንም እናንተንም ያስጨንቃል።

ፖይ የገበታው ልብ ነው። የበሰለ ጎደሬ በድንጋይ ዘነዘና ተወቅጦ፣ ውሃ እየተጨመረበት የሚሠራ ሐምራዊ ገንፎ ነው። ውፍረቱ በጣት ይለካል፤ በአንድ ጣት ተጠልቆ የሚነሳው ወፍራሙ፣ ሦስት ጣት የሚፈልገው ቀጭኑ ነው። በተሠራ ቀን ጣፈጥ ይላል፤ ሲውል ሲያድር እንደ እንጀራ ሊጥ ይኮመጥጣል፣ ብዙ የአገሩ ሰውም ሁለት ሦስት ቀን ያደረውን ይመርጣል። ለብቻው ቀምሶ «ጣዕም የለውም» የሚል እንግዳ አበላሉን ስቶታል። ፖይ ጨው የበዛበትን ነገር ማስታገሻ ነው፤ አንድ ጉርሻ ካሉአ ወይም ዓሣ፣ ከዚያ አንድ ጣት ፖይ።

በሃዋይ ትውፊት ዋኬአና ሆኦሆኩካላኒ የተባሉ ጥንዶች ሞቶ የተወለደ ልጃቸውን ቢቀብሩት ከመቃብሩ ጎደሬ በቀለ፤ ሁለተኛው ልጃቸው የሰው ዘር አባት ሆነ። ጎደሬ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ነው። ስለዚህ የፖይ ሳህን ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ገበታ ላይ መጨቃጨቅ ነውር ነው። እንግዳም ቢሆን «ሙጫ ይመስላል» እያለ ሲስቅበት ሰዎቹ ፊት ላይ የሚታየውን ማየት ደስ አይልም።

ጥሬ ጎደሬ፣ ሥሩም ቅጠሉም፣ መርፌ የመሰሉ የኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉት ጉሮሮ ያሳክካል። ወላይታና ሲዳማ ያደገ ይሄን ያውቀዋል። የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት የሚሠራው ወጥም ሉአው ነው የሚባለው፤ የግብዣው ስም የመጣው ከሱ ነው። ቅጠሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካልበሰለ አፍ ይበላል። በወጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስኩዊድ ወይም ኦክቶፐስ፣ አንዳንዴ የበሬ ሥጋ ይገባል።

ሎሚ ሳልሞን የሚባለው ሰላጣ ሎሚ የለውም፤ በጨው የቆየ ሳልሞን ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ተቆራርጦ በእጅ ታሽቶ የሚቀርብ ቀዝቃዛ ምግብ ነው። ሳልሞን የሃዋይ ዓሣ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ በበርሜል ጨው ተደርጎ መጣ። የዶሮ «ሎንግ ራይስ» የሚሉት ደግሞ በዝንጅብል መረቅ የበሰለ የማሾ ኑድል ሲሆን ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ከመጡት ቻይናውያን የተወረሰ ነው። ፖኬ ጥሬ ቱና ነው፤ በባሕር ጨው፣ በባሕር አረምና በተቆላ የኩኩይ ፍሬ ይለወሳል። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ቀዝቃዛ መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ ፀሐይ ላይ የቆየ ፖኬ አይነካም። በእንግዳ መቀበያው ላይ የሚሰጠው ማይ ታይ ሩም ያለበት ነው፤ ያለ አልኮል ብትሉ ጭማቂ ይሰጧችኋል። ኦአሁ ደሴት ላይዬ ውስጥ ያለው የፖሊኔዥያ ባህል ማዕከል በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1963 የተከፈተ ሲሆን አልኮል ጨርሶ አያቀርብም፤ አልኮል የሌለበት ምሽት የሚፈልግ ቤተሰብ ይሄን ይያዝ።

ረቡዕ ወይም ዓርብ የዋለባችሁ ጾመኞች ፖይ፣ ነጭ ሩዝ፣ ስኳር ድንች፣ አናናስና ሃውፒያ ታገኛላችሁ። ሃውፒያ ወተትም እንቁላልም የሌለበት የኮኮናት ጣፋጭ ነው፤ ቤትም በአሥር ደቂቃ ይሠራል። ጣፋጭ ያልተጨመረበት 360 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተትና 100 ግራም ስኳር በመካከለኛ እሳት ይጣዳል። 60 ግራም የበቆሎ ስታርች በ360 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ የኮኮናት ወተቱ መሞቅ ሲጀምር እየተማሰለ በቀጭኑ ይንቆረቆራል። ስታርቹን በደረቁ መጨመር ይጓጉለዋል። ሲወፍር ወዲያው አታውርዱት፤ እሳቱን ቀንሳችሁ ማንኪያ ላይ ክብድ እስኪልና የጥሬ ስታርች ጣዕሙ እስኪጠፋ ሦስት አራት ደቂቃ አማስሉት። ቀድሞ የወረደ ሃውፒያ አይቆረጥም፣ ይፈሳል። በኃይለኛ እሳት የፈላ ደግሞ ቅባቱ ይለያል። 20 ሳንቲ ሜትር ካሬ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ፍሪጅ ካቆያችሁት በኋላ በካሬ ቁረጡት።

ካሉአን ያለ አሳማ መሞከር ለሚፈልግ፣ ሃዋዮች ራሳቸው ለታንክስጊቪንግ ቱርክን በኢሙ ይቀብራሉ። በቤት ኦቨን 2.5 ኪሎ የቱርክ ጭን ወይም አጥንት ያለው የበግ ትከሻ ውሰዱ፤ 25 ግራም ሻካራ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ጭስ (የጭስ ጣዕም የሚሰጥ ፈሳሽ) እሹበት። የሙዝ ቅጠል በእስያ ሱቆች በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ ካቀለጣችሁት በኋላ በእሳት ነበልባል ላይ አሳልፉት፣ አለዚያ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። በቅጠሉ፣ ከዚያም በሁለት ድርብ ፎይል አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ቱርኩ ሦስት ሰዓት፣ በጉ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። መሐል ላይ አትክፈቱት። በሹካ ያለ ትግል ሲተለተል ደርሷል፤ የተጠራቀመውን ጭማቂ አትድፉት፣ መልሳችሁ ለውሱበት።

መድረኩ

ምሽቱ በፑ ይጀምራል፤ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፣ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ከዚያ ያለ መሣሪያ የሚዜም ኦሊ ይሰማል። በኦሊ ጊዜ አታጨብጭቡ፣ አታውሩ።

ሁላ ሁለት ነው። ካሂኮ የጥንቱ ሲሆን በዜማና በምት ብቻ ይጨፈራል። አንዱ መሣሪያ ኢፑ ሄኬ ነው፤ ሁለት ቅል አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቆ የተሠራ፣ መሬት ሲመታ ጉም የሚል፣ በጣት ሲመታ ጠቅ የሚል። ሌላው ፓሁ ነው፤ የተቦረቦረ የኮኮናት ግንድ ላይ የሻርክ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ። አዉአና የኋለኛው ሲሆን በጊታርና በኡኩሌሌ ይታጀባል። ኡኩሌሌ በ1879 ሆኖሉሉ ከደረሱት የማዴይራ ፖርቹጋሎች ትንሽ ጊታር የተወለደ ነው።

ሁላን ስታዩ ዓይናችሁን ከወገብ አንሱና እጅ ላይ አድርጉ፤ ታሪኩን የሚናገሩት እጆች ናቸው። ዝናብ፣ ማዕበል፣ አበባ፣ የንጉሥ ስም፣ ሁሉም በእጅ ይነገራል፤ የጨፋሪዋ ዓይን የገዛ እጇን ይከተላል። ጥሩ ጨፋሪ የሚለየው በጉልበቱ ነው። ጉልበት ሁልጊዜ እንደታጠፈ ነው፤ ጭንቅላት ከፍም ዝቅም ሳይል በአንድ መስመር ይሄዳል። ጎኑ የሚወዛወዘው ሰውየው ስለገፋው አይደለም፤ በታጠፈ ጉልበት ላይ ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲዛወር በራሱ ይከተላል።

እንግዶችን መድረክ ጠርተው የሚያስተምሩት እርምጃ ካሆሎ ነው። ቀኝ እግር ወደ ቀኝ፣ ግራ ይከተላል፣ ቀኝ እንደገና፣ ግራ መጥቶ ይነካል፤ አራት ምት። ከዚያ ወደ ግራ እንዲሁ። እስክስታ የለመደ ሰው ትከሻው ይቀድመዋል፤ ሁላ ላይ ግን ትከሻ ፀጥ ይላል። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ የቀረውን ለእጃችሁ ተዉት።

ሚሲዮናውያን በ1820 ከደረሱ በኋላ፣ ክርስትናን የተቀበለችው ካአሁማኑ በ1830 ሁላ በአደባባይ እንዳይጨፈር አገደች። መልሶ በክብር ያወጣው ንጉሥ ካላካዋ ነው፤ በ1883 በንግሥ በዓሉና በ1886 በ50ኛ ልደቱ ላይ። በሱ ቅጽል ስም የተሰየመው የሜሪ ሞናርክ ፌስቲቫል ሂሎ ከተማ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይከበራል፤ የሁላ ውድድሩ በ1971 ተጨመረ። የሚውለው ከምዕራባውያኑ ፋሲካ ጀምሮ ባለው ሳምንት ስለሆነ ብዙ ዓመት ዐቢይ ጾማችን ውስጥ ይወድቃል። ሁላን በሙሉ ክብሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ከማንኛውም ሉአው ይልቅ ይሄን ቢያይ እመክራለሁ።

ከበሮው በድንገት ፈጥኖ ዳሌ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሃዋይን ለቃችሁ ታሂቲ ገብታችኋል። ኦቴአ ይባላል። የሚመታው ቶኤሬ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ባዶ ግንድ ነው፤ ሴቶቹ ትከሻቸውን ሳያነቃንቁ ዳሌያቸውን ያሽከረክራሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ ጉልበታቸውን እንደ መቀስ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ቀሚሱ ሞሬ ከፑራው ዛፍ ልጥ የሚሠራ ነው። የሁላ ቀሚስ ግን የቲ ቅጠል ወይም ጨርቅ ነው፤ ፖስትካርድ ላይ የሚታየው የደረቀ ሣር ቀሚስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊልበርት ደሴቶች ሠራተኞች ጋር የገባ ነው። ምላስ ወጥቶ፣ ዓይን ፈጥጦ፣ ጭን እየተመታ የሚጮኸው ሃካ የኒውዚላንድ ማኦሪ ነው፤ በገመድ የታሰረ ኳስ የሚያሽከረክሩትም እነሱ ናቸው።

መዝጊያው ብዙ ጊዜ የሳሞአ የእሳት ቢላ ነው። ቢላው ጥንታዊ የጦር መሣሪያ ነው፤ እሳቱን በ1946 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጨመረው ፍሬዲ ሌቱሊ የተባለ ሳሞአዊ ነው። ከመለኮሱ በፊት ጨፋሪው የሚያደርገውን ተመልከቱ፦ ነዳጅ የጠጣውን ጨርቅ ደጋግሞ ያራግፋል። ያልተራገፈ ነዳጅ ሲሽከረከር እንደ ጠብታ እሳት ሆኖ ፊት ረድፍ ላይ ይረጫል። ነፋስ ሲበረታ ትርኢቱ ቢያጥር ወይም ቢሰረዝ ለእናንተው ደኅንነት ነው። እሳት የማያቀርቡም አሉ፤ ማዊ ደሴት ላይ ያለው ኦልድ ላሃይና ሉአው ምሽቱን በዋናነት ለሃዋይ ሁላ ይሰጣል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የእሳት ቢላውን ይወዱታል፤ ለብቻችሁ ከሆናችሁ እኔ የምመርጠው የሁላውን ነው።

ስትሄዱ

በር የሚከፈተው ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። በክረምታቸው ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፤ ኢሙው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ስለሚከፈት ቀድማችሁ ድረሱ። ውድ ትኬት ብዙ ጊዜ የሚገዛው መጀመሪያ ቡፌ መነሳትንና ቅርብ ወንበርን ነው። ለሁላ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ለዋጋው ይገባል፣ እጅና ፊት ይታያልና። ለእሳቱ ግን ከመሐል ረድፍ በላይ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ሲመሽ ይቀዘቅዛል፤ ነጠላም ይበቃል። ትንኝ ስላለ እግራችሁን ሸፍኑ።

አንገታችሁ ላይ የሚያጠልቁላችሁን የአበባ ሌይ እምቢ አትበሉ፣ ሰጪውም ፊት አታውልቁት። ነፍሰ ጡር ግን የተዘጋ ሌይ አታጠልቅም፤ በአገሬው እምነት የእትብት መጠምጠምን ያመለክታል፣ ስለዚህ ጫፉ ያልታሰረ ጠይቁላት። ሲጠወልግ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ክሩን አውጥታችሁ አበባውን ዛፍ ሥር በትኑት።

በገንዘብ የማይገዛው ሉአው ደግሞ የቤተሰቡ ነው፤ በተለይ የልጅ አንደኛ ዓመት። በሽታ ብዙ ሕፃናት ይቀጥፍ በነበረበት ዘመን ዓመት መሙላት ትልቅ ነገር ነበርና እስከ ዛሬ በትልቁ ይደገሳል። በመናፈሻ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በመኪና ማቆሚያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ኢሙውን ጎረቤትና ዘመድ ሌሊት ተነስቶ ያነዳል። ሃዋይ የሚኖር የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ከጋበዛችሁ ጫማችሁን ደጅ አውልቁ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ታላላቆቹን «አንቲ» እና «አንክል» በሏቸው፤ በዘር ባትዛመዱም የሚጠሩት እንዲሁ ነው። ወንበር ማጠፍና ሳህን መሰብሰብ ሲጀመር ተነስታችሁ አግዙ። ስትወጡ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይይዙላችኋል፤ ተቀበሉ፣ አሳማ ካለበት ደግሞ ቀድማችሁ ለአንቲዋ ንገሯት፣ ዓሣና ሃውፒያ ትሞላላችኋለች።